ቁልቁል ቆጠራ

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ክፍል ቁጥር አራት፣
መስኮቱ ባሕር ያያል፣ የጋሊሲያ ዝናብ እንደ ትናንት።
አንቱ ዶን ኤላዲዮ፣ ዶሪንዳ ከጎንዎ፣
ቀኝ እጅዎ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተጋድሞ ከጭንዎ።

እኔ ሳቤላ ነኝ፤ ሥራዬ ንግግር፣
ሥራዬ ጉሮሮ፣ ምላስና ከንፈር፤
አንድ ማንኪያ ውኃ ሳይስት የራሱን በር
እንዲያልፍ የምጠብቅ ዘበኛ ነኝ ከድንበር።
ጠባብ ናት ድንበሯ፣ የጥፍር ያህል ናት፣
እህልና እስትንፋስ የሚለያዩባት።

የመጀመሪያው ቀን ውኃ ትን ሲልዎ
ዶሪንዳ ጮኸች፤ ደም ሞላ ዓይንዎ።
ስለዚህ ውኃውን በዱቄት አወፈርኩት፣
እንደ ማር እስኪዘገይ በማንኪያ አማሰልኩት።
«አገጭ ወደ ደረት። ይዋጡ። አንዴ ደግመው።»
ገላመጡኝ፤ ውኃም ይበላ ጀመር? በሚል፣ ፊት አጥቁረው።

ያ ድምፅ የት ገባ? አርባ አንድ ዓመት ሙሉ
ጎሕ ሳይቀድ በወደብ፣ ገዢዎች ሲሞሉ፣
ጨረታ የጠራ፣ ቁልቁል እየቆጠረ፣
የሰርዲኑን ዋጋ ከላይ የጀመረ።
እዚህ በእኛ ወደብ ዋጋ አይወጣም ሽቅብ፤
ከላይ ተነሥቶ ነው የሚወርድ እንደ ዝናብ፣
አንዱ ገዢ «የኔ!» ብሎ እስኪያስቆመው ድረስ።
ቀድሞ የጮኸ ይከስራል፤ የዘገየም ባዶውን ይመለስ።

በየካቲት ሌሊት አንዲት የደም ጓል
አንጎልዎ ውስጥ ተሰንቅራ አስቀረች ያን ሁሉ ቃል።

ኩባያውን አሳየሁ፣ ምንም። ቁልፉን፣ ምንም።
የሚስትዎን ፎቶ፣ ከንፈርዎ ተንቀጠቀጠ፣ ስም ግን የለም።
ያውቋታል። ማወቅማ ሞልቷል በየመንገዱ፤
ከማወቅ እስከ ምላስ ያሉት ድልድዮች ናቸው የተናዱ።
ጎረቤት ይጮህብዎታል፣ ደንቆሮ ይመስል አንቱን፤
እንደ ሕፃን ያባብልዎታል። ይሰማሉ ሁሉን።

አንድ ማክሰኞ፣ ተስፋ ቆርጬ (ይህን ለማንም አልነገርኩም)
«እስቲ ይቁጠሩልኝ፤ አንድ…» አልኩ። አልቆጠሩም።
ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።
«አሥር!» አልኩ፣ እንደ ወደብ ሰው ድምፄን አጎርንኜ፤
«ዘጠኝ» አሉ። «ስምንት። ሰባት።» እኔ ቀረሁ አፌን ይዤ።

ከዚያ ወዲያ ቁጥር ሆነ መሰላላችን።
«ሦስት» ለማለት ከአሥር ይወርዳሉ፣ እኛ ትንፋሽ ውጠን።
«ስንት ልጅ አለዎት?» ስል፣ ወርደው ወርደው እስከ ሁለት፣
ጠረጴዛውን መቱ በግራ እጅ፤ ተሸጠ ማለት።

ዛሬ ግን ዶሪንዳ፣ ካፖርቷ እንደ ራሰ፣
ከፊትዎ ቆመች፤ ትዕግሥቷም ፈሰሰ፦
«ሳቤላ፣ አንቺ ጥሪ፤ እሱ ገዢ ይሁን።
እኔው ነኝ ሣጥኑ። ያረጀ ዓሣ ማን ይገዛል፣ እንየው እስቲ አሁን።»

አሥር። ዘጠኝ። ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።
ስምንት። ፊትዎ ቀላ፤ ዓይንዎ ከእርሷ አልተነቀለም።
ሰባት። ስድስት። ከንፈርዎ ገጠመ፣ ተከፈተ፤
አምስት። ማንቁርትዎ ወጣ፣ ወረደ፣ ዋተተ።
አራት። ዝናቡ ብቻ። ሦስት። ልቤ ከዳኝ፣ ልተው አልኩ፤
ሁለት።
        «የ…»
                ቀሪዋን ቁጥር ዋጥኩ።

        «የ…ኔ።»

አርባ አንድ ዓመት ሌላው ሲለው የሰሙት ቃል፣
አንቱ አንድ ቀን እንኳ ያላሉት፤ ጠሪ መች ይገዛል?

የዶሪንዳ ጃንጥላ ወደቀ። እኔ መዝገቤ ላይ ጻፍኩ፦
«አንድ ቃል። ያለ መሰላል።» ቀኑንም ጨመርኩ።
ከዚያ ሳል መጣብዎ፤ ደስታም ትን ይላል ለካ።
«አገጭ ወደ ደረት» አልኩ፣ ወፍራሙን ውኃ በማንኪያ ስለካ።